«የዘመድ ልጅ ናት»፦ ስለሚሠሩ ልጆችና ስለሕጉ ድሬዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ድሬዳዋ ውስጥ ከቀፊራ ገበያ ድንችና ሽንኩርት ገዝቼ ስወጣ አንድ ልጅ ጋሪ እየገፋ መጥቶ ፊቴ ቆመ። «ጋሼ፣ ላድርስልዎት?» ጋሪው ከእሱ ይበልጣል። ዕድሜውን ጠየቅሁት። «አሥራ ስምንት» አለ፣ ፍንክች ሳይል። «አቦ ተው እንጂ!» ስለው «እሺ፣ አሥራ ስድስት» አለ። ዝም ብዬ አየሁት። «አሥራ አራት ይሁንልዎት፣ ከዚህ አልወርድም።» ዕድሜ እንደ ቲማቲም ዋጋ ሲወርድ ያን ቀን አየሁ። አሥራ ሁለት ላይ ተስማማን።

ልጁ ከአሥራ ስምንት የጀመረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕግ የሚባል ነገር እንዳለ ሰምቷል። ምን እንደሚል ግን እሱም አያውቅም፣ ልጅ ያሠማሩት ትልልቅ ሰዎችም አብዛኞቹ አያውቁም። ሰፈር ውስጥ የሥራ ጉዳይ የገጠመው ሰው እኔን ማማከር ከጀመረ ቆይቷል። ስለሚሠሩ ልጆች የሚመጡት ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። አንድ ቦታ ላስቀምጣቸው ብዬ ነው።

አንድ ልጅ ተቀጥሮ መሥራት የሚችለው ከስንት ዓመቱ ነው?

ከ15። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። 15 ሞልቶት 18 ያላለፈውን «ወጣት ሠራተኛ» ይለዋል። እሱን መቅጠር ይቻላል፤ ግን የሥራው ዓይነትም ሰዓቱም ገደብ አለው።

«14 አልነበረም እንዴ?» የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው። የቀድሞው አዋጅ 377/1996 14 ይል ነበር። ኢትዮጵያ ስለዝቅተኛ የሥራ ዕድሜ የሚደነግገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ቁጥር 138ን፣ በ1991 ዓ.ም. ስታጸድቅም 14 ብላ ነው የገባችው። ስምምነቱ መነሻውን 15 አድርጎ፣ ኢኮኖሚያቸውና ትምህርታቸው ገና ላልጎለበተ አገሮች ለጊዜው 14ን ይፈቅዳል። በ2011 ዓ.ም. ያ አንድ ዓመት ተጨመረ።

ወላጁ ራሱ አምጥቶ ካስረከበኝስ?

ለውጥ የለውም። ከ15 በታች ላለ ልጅ የአባት ፊርማም፣ የእናት ልመናም፣ የሽማግሌ ምስክርም ክልከላውን አያነሳውም።

እና ልጄን «ሱቅ ሂድልኝ» ማለትም ሊከለከል ነው?

ይህን ጥያቄ ሰዎች የሚጠይቁኝ ግማሹን ለቀልድ፣ ግማሹን ተናደው ነው። የለም፣ አይከለከልም። ውኃ መቅዳት፣ ታናሽን መያዝ፣ ከትምህርት መልስ የእናትን ጉልት ለአንድ ሰዓት መጠበቅ ልጅን አይገድለውም። እንዲያውም ያሳድገዋል። ልጅ የሠራው ሥራ ሁሉ የጉልበት ብዝበዛ ነው የሚል ሕግ የትም የለም።

መለኪያው ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጅ ጉልበቱን ከሚበዘብዝ ድርጊት እንዲጠበቅ፣ ትምህርቱን፣ ጤናውን ወይም ደህንነቱን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ይላል። ልብ በሉ፣ መገደድ ብቻ አይደለም የተከለከለው። ልጁ «ራሴ ነኝ የፈለግኩት» ቢልም መፍቀድ አይቻልም። ስለዚህ ጉልት መጠበቁ አንድ ሰዓት ሲሆን እገዛ ነው። የጠዋት ፈረቃውን ሲበላው ግን ነገሩ ተለወጠ።

15 የሞላው ልጅ የማይነካው ሥራ የቱ ነው?

አዋጁ ሕይወትንና ጤናን አደጋ ላይ የሚጥል ሥራን በጥቅሉ ከከለከለ በኋላ ጥቂቶቹን በስም ይጠራል። በመኪና፣ በባቡር፣ በአውሮፕላንና በውኃ ላይ ሰውና ዕቃ ማጓጓዝ። በወደብና በመጋዘን ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ መጎተት፣ መግፋት። የኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ ትራንስፎርመርና የኃይል መስመር። እንደ ማዕድን ማውጫና ካባ ያለ የመሬት ውስጥ ሥራ። የፍሳሽ ቦይና ዋሻ ቁፋሮ።

የመጀመሪያውን እንደገና አንብቡት። ሰው ማጓጓዝ ነው የሚለው። ከድሬ ወደ ሐረር በሚወጣው ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ሐረር! ሐረር! አንድ ሰው!» የሚለው የ15 ዓመት ረዳት ቀጥታ እዚህ ውስጥ ይገባል። የደንገጎን ጠመዝማዛ በር ላይ ቆሞ የሚወጣ ልጅ ያላየ ድሬ ውስጥ የለም። ሕገ ወጥ መሆኑን የሚያውቅ ግን እኔ እስካሁን አላገኘሁም፣ ሾፌሮቹን ጨምሮ።

በስም ያልተጠራ ሥራ ሁሉ ተፈቅዷል ማለትም አይደለም። እኔ ራሴ 13 ዓመቴ ላይ አንድ ክረምት ጋራዥ ውስጥ ሠርቻለሁ። ስሙን ተዉት፣ ባለቤቱም አርፈዋል። ሥራዬ ቁልፍ ማቀበል ነበር። «የ13 ቁልፍ!» ሲሉኝ በዕድሜዬ የጠሩኝ እየመሰለኝ ብድግ እል ነበር። ዕቃ የማጥበው በቤንዚን ነው፣ በባዶ እጄ። አንድ ቀን በያጁ «በሩን ያዝልኝ» አለኝና ያዝኩለት። መነጽር አንድ ነበር፣ እሱም የሱ ነው። «አትየው፣ ዞር በል» ብሎኛል። ልጅ ደግሞ አትየው የተባለውን ያያል።

ማታውን ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የፈሰሰ መሰለኝ። እናቴ ድንች በስሱ ቆርጣ ሁለቱ ዓይኖቼ ላይ አስቀመጠችልኝ። ድንቹ ሲሞቅ ትገለብጠዋለች። እስኪነጋ ተቀምጣ ገለበጠች። በነጋታው ባለ ጋራዡ የሰጡት መልስ «ወንድ ልጅ እንዲህ ነው ሙያ የሚማረው» ነበር። ያ ሥራ በዛሬው አዋጅ ሁለት ጊዜ ይወድቃል፤ በዕድሜውም በአደጋውም።

ሙያ እየተማረ ነው፣ ደመወዝ ምን ያደርግለታል ይላሉ። ልክ ነው?

ሙያ መልመድ ሕጋዊ መንገድ አለው። አዋጁ ለማጅ የሚቀበል አሠሪ ውል እንዲገባ ይጠይቃል፣ በጽሑፍ። ውሉ ምን ሙያ እንደሚማር፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በስንት ክፍያ ይላል። እዚህም ቢሆን ልጁ ቢያንስ 15 መሆን አለበት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሻይ ሲያመላልስና ወለል ሲጠርግ የኖረ ልጅ ሙያ እየተማረ አይደለም። በሳምንት ምን አዲስ ነገር ተማርክ በሉት። ካሰበ፣ ካሰበና ካጣ፣ ተላላኪ ነው ማለት ነው። ለተላላኪ ደግሞ ደመወዝ ይከፈላል።

በቀን ስንት ሰዓት ነው? ማታስ?

ለወጣት ሠራተኛ ከ7 ሰዓት አይበልጥም። ለትልቅ ሰው 8 ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው። የትርፍ ሰዓት ክልክል ነው። በሳምንት ዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓልም እንዲሁ። «ትርፍ ሰዓት እከፍለዋለሁ» የሚል አሠሪ ቸር የሆነ ይመስለዋል፤ ግን ለዚህ ዕድሜ ትርፍ ሰዓት ራሱ የለም።

የኛ ከተማ ችግር ፀሐይዋ ናት። ድሬ እኩለ ቀን ላይ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ጥላ ፍለጋ ይገባል፣ ጫት ቃሚው በርጫው ላይ ነው። ሕይወት የሚጀምረው ሲመሽ ነው። ጭማቂ ቤቱ፣ ሻይ ቤቱ፣ ፉል ቤቱ ደርቶ የሚያመሸው አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ነው። ስለዚህ እዚህ ከ4 ሰዓት በኋላ የሚሠራ ልጅ እንደ ልዩ ነገር አይታይም። ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር እኛ ተዝናንተን ስንጨዋወት ብርጭቆ የሚሰበስበው ልጅ ነገ 2 ሰዓት ላይ ክፍል ውስጥ ሊሆን ይችላል። ወይም ላይሆን ይችላል። አስተናጋጁ ልጅ ከሆነ ሰዓታችሁን አንድ ጊዜ እዩት።

ዕድሜውን የሚያውቅ ባይኖርስ?

የልደት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በአገር ደረጃ ከተጀመረ ወዲህ ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ከዚያ በፊት የተወለዱትና ከገጠር የመጡት ብዙዎቹ ወረቀት የላቸውም። የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የክርስትና ቀን ወይም በስንተኛው ረመዳን እንደተወለደ ማስላት ይረዳል። ያም ከጠፋ፣ ተጠራጥሮ መቅጠር ሳይሆን ተጠራጥሮ መተው ነው የሚሻለው።

ብርጭቆ ሰበረ ብለው የወሩን ደመወዝ አስቀሩበት። ይችላሉ?

አይችሉም። ከደመወዝ የሚቆረጠው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያኔም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ በላይ አይነካም። የወር ደመወዝን ሙሉ በሙሉ በሁለት ብርጭቆ መለወጥ ሌላ ስም አለው።

ውል በጽሑፍ ስላልነበረን መብት የለንም ብለው የሚተዉም አሉ። ውሉ በቃል ቢሆንም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። እንዲያውም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ሁኔታውን ጽፎ ፈርሞ መስጠት ነበረበት። ያልተከፈለ ደመወዝ ግን ሳይጠየቅ 6 ወር ካለፈው በይርጋ ይታገዳልና አትዘግዩ።

እኛ ቤት ያለችው የዘመድ ልጅ ናት እንጂ ሠራተኛ አይደለችም። ሕጉ ምን አገባው?

ወደ ዋናው ጥያቄ መጣን። ይህን ዓረፍተ ነገር ያልሰማሁበት ወር የለም። የሚሉት ሰዎች ደግሞ ክፉ አይደሉም። አብዛኞቹ ያምኑበታል።

እናቴም ታምንበት ነበር። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ከገጠር አንዲት ልጅ መጣችልን። በእናቴ በኩል ሩቅ ዝምድና አለን ይባላል፤ እንዴት እንደሆነ የሚያስረዳ ግን አልነበረም። ከእኔ ምናልባት ሁለት ዓመት ብትበልጥ ነው። «ልጃችን ናት» እንላለን። የምንበላውን ትበላለች፣ ግን ከእኛ በኋላ። ለዓመት በዓል ልብስ ይገዛላታል። የምትተኛው ማድ ቤት ነው። ጠዋት የምትቀሰቅሰኝ እሷ ነበረች፤ እሷን ማን እንደሚቀሰቅሳት ጠይቄ አላውቅም።

ደብተር እረሳ ነበር፣ በጣም። ስረሳ እሷ ሮጣ ታመጣልኛለች። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በስሟ ያውቃታል። በሩ ላይ ቆማ ትሰጠኝና ትመለሳለች። ስንት ዓመት እንደዚያ ተመላለሰች፤ ከዚያ በር አልፋ ግን አልገባችም። ይህ የገባኝ ካደግሁ በኋላ፣ በጣም ቆይቼ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። እዚህ ጋ አንድ ደስ የማይል ነገር ልንገራችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። ትርፍ ለማግኘት ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን በአንቀጽ 3 ከራሱ ያስወጣዋል፣ ሁኔታው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ትቶ። ስለዚህ ከላይ የዘረዘርኩት የ7 ሰዓት ገደብ፣ የሌሊት ክልከላ፣ የዕረፍት ቀን ሁሉ ለጋራዡ ልጅ ሲሠራ ለማድ ቤቷ ልጅ በቀጥታ አይሠራም። ከሁሉ ቀድማ የምትነሳው፣ ከሁሉ ኋላ የምትተኛው እሷ ሆና ሳለ።

ግን ሕግ አልቆ አይደለም። አንቀጽ 36 ለልጅ ሁሉ ነው፣ ማድ ቤት ላለችውም። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው ቤት የሚኖር ሠራተኛን መኝታ፣ ምግብ፣ የሥራና የዕረፍት ጊዜ በተመለከተ አሠሪው ጤናውንና ሞራሉን እንዲጠብቅለት ያዛል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ደግሞ በእጁ ያለን ልጅ የሚያንገላታ፣ የሚደበድብ፣ ችላ የሚል ወይም ከአቅሙ በላይ የሚያሠራ ሰውን ይቀጣል። ከአቅም በላይ ማሠራት እዚያው ከመደብደብ ጎን ነው የተጻፈው። ይህ አንቀጽ ደግሞ ዘመድ ነህ ወይስ ባዳ ብሎ አይጠይቅም። «የዘመድ ልጅ ናት» ማለት ከአሠሪነት ያወጣችሁ ይሆናል። ከአሳዳጊነት ግን አያወጣችሁም፣ ጭራሽ ያስገባችኋል።

እውነት የዘመድ ልጅ ከሆነች መለየት ቀላል ነው። የቤቱ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እሷ ወዴት ትሄዳለች? ስትታመም ማን ይተካታል? «ደመወዟን ለቤተሰቧ እየላክንላት ነው» የምትሉ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ግልጽ ወጣ፤ ለዘመድ ልጅ ደመወዝ አይላክም።

ደላላ ነው ያመጣልኝ። እኔ ምን አጠፋሁ?

ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው? ከ18 በታች ያለን ልጅ ለብዝበዛ ዓላማ መመልመል፣ ማጓጓዝ፣ ማስጠለል ወይም መቀበል በአዋጅ 1178/2012 በሰው መነገድ ነው። ለትልቅ ሰው ማታለል ወይም ማስገደድ መኖሩ ይጣራል። ለልጅ ግን ይህ አያስፈልግም። ልጅቷ ተስማምታለች፣ እናቷ ባርካ ሸኝታለች ማለት መከላከያ አይሆንም። «መቀበል» የሚለውን ቃል አስምሩበት። ወንጀሉ መናኸሪያ ላይ ከደላላው ጋር ብቻ የሚቀር አይደለም።

ከተማችን ደግሞ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ወደ ጅቡቲ የሚያልፉ ልጆች እዚህ ያድራሉ። ሻንጣ የሌላቸው፣ ማን ጋ እንደሚሄዱ ስም መጥራት የማይችሉ ልጆች በአንድ ሰው ሲነዱ ካያችሁ ለፖሊስ መንገር ማካበድ አይደለም።

ሊስትሮዎቹና ሱቅ በደረቴዎቹስ? የራሳቸው ሥራ ነው እኮ

ቀጣሪ ከሌለ የቅጥር ሕግ የሚይዘው ነገር የለም። የራሱን ሣጥን ይዞ የሚዞር ሊስትሮ በአዋጅ 1156 ዓይን ሠራተኛ አይደለም። ግን ሣጥኑ የማን ነው? ማስቲካና ሶፍት ይዘው ከታይዋን ሰፈር እስከ ለገሃሬ ከሚዞሩት ልጆች መካከል ማታ ማታ ሒሳብ የሚያስገቡ አሉ። ዕቃውን የሚሰጣቸው፣ የቀኑን ልክ የሚተምንላቸው፣ ሲጎድል የሚቆጣቸው ሰው አለ። እንግዲህ እሱ ቀጣሪ እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

ሐረር ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት አለ። ጀጎል በሮች ላይ «ፋራንጆ!» እያሉ እንግዳ የሚከተሉት ልጆች። ከፈረስ መጋላ እስከ ጅብ ማብያው ድረስ በሦስት ቋንቋ ያስጎበኛሉ። ጎበዞች ናቸው፣ አልክድም። እንግዳው የሚሰጣቸው ብር ግን ክፍል ውስጥ ከመቀመጥ በላይ ስለሚያጓጓ ቀስ በቀስ ከትምህርት ያስቀራቸዋል።

ቤተሰቡ ድሃ ነው። ልጁ ካልሠራ ምን ይብሉ?

ለዚህ ብልጥ መልስ የለኝም። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ከዓለም የሥራ ድርጅት ጋር በ2015 እ.ኤ.አ. ያካሄደው ጥናት በኢትዮጵያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ካሉት ልጆች 42.7 በመቶው በልጆች ጉልበት ሥራ ውስጥ እንዳሉ አግኝቷል። አብዛኛው እርሻና ከብት ነው። ይህን ያህል ልጅ የሚያሠማራው የወላጅ ክፋት አይደለም፣ ማጣት ነው።

ሆኖም «ድሃ ነው» የሚለውን ቃል ከማን አፍ እንደምሰማው አያለሁ። እናት ስትለው ልቤ ይሰበራል። ልጁን በቀን 12 ሰዓት የሚያሠራ ባለ ምግብ ቤት ሲለው ግን «አዝነህለት ከሆነ አባቱን ቅጠረው» እላለሁ። አንዱ በእርግጥ ቀጥሮታል። ትልቅ ሰው ሲቀጠር ደግሞ ደመወዙ ከፍ አለ። የልጅ ጉልበት ለምን እንደሚፈለግ ከዚህ በላይ ማስረዳት አልችልም።

16 ዓመት የሆነው ልጅ ክረምት ላይ ሱቅ ቢጠብቅ፣ በትምህርት ወቅት ደግሞ በቀን ጥቂት ሰዓት ቢሠራ ሕጉ በር አልዘጋበትም። 7 ሰዓት ጣሪያ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። 3 ሰዓት አድርጉት።

የ14 ዓመት ልጅ ቀጥሬያለሁ፣ አሁን አወቅሁ። ነገውኑ ላባርረው?

የሠራበትን ሙሉ ክፈለው፣ ሥራውን አስቁመው፣ ግን አታባርረው። ልዩነት አለው። ከአንተ የተባረረ ልጅ ትምህርት ቤት አይገባም፣ ካንተ የባሰ ቦታ ይገባል። ቤተሰቡን አግኝ። ታላቅ እህት ወይም ወንድም ካለው እሱን ተክተህ ቅጠር። እስኪመዘገብ ለደብተር የሚሆን ብታግዝ ከደንበኛህ የአንድ ቀን ሻይ አይበልጥም።

መጠቆም ብፈልግ የት ልሂድ? ጎረቤቴ ቢያውቅብኝስ?

ድርጅት፣ ሱቅ፣ ጋራዥ፣ ምግብ ቤት ከሆነ የሠራተኛና አሠሪ ጉዳይ የሚከታተለው ቢሮ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች አሉት። ተቆጣጣሪ በሥራ ሰዓት ሳያስታውቅ መግባት ይችላል። ጠቋሚው ማን እንደሆነ መናገር ደግሞ ተከልክሏል። «ጥቆማ ደርሶን ነው የመጣነው» ብሎ ለአሠሪው ፍንጭ መስጠት እንኳ አይፈቀድለትም። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው የሚፈራው።

ቤት ውስጥ ያለች ልጅ ከሆነች፣ ድብደባ ካለ፣ ደላላ ካለበት፣ ወደ ፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ነው። ከተማ አስተዳደሩ ውስጥ ሴቶችና ሕፃናትን የሚመለከት ቢሮም አለ። ደመወዝ ለማስከፈል ክስ ለሚመሠርት ሠራተኛ የፍርድ ቤት ዳኝነት ክፍያ የለበትም። ሐረማያና ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤት አላቸው፤ ነፃ የሕግ ምክር ጠይቁ፣ አትፈሩ።

አንድ ነገር ብቻ። ልጁን ፎቶ አንስታችሁ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። ያዘናችሁለት መስሏችሁ ፊቱን ታባዙበታላችሁ። ነገ ክፍል ሲገባ ያንን ፎቶ ያየ ጓደኛ ይጠብቀዋል።

ያንን ባለ ጋሪ ልጅ ምን አደረግኸው?

ይህን የጠየቀችኝ ጽሑፉን ቀድማ ያነበበች እህቴ ናት። ስለሌላው ሁሉ አንድ ቃል ሳትናገር።

ድንቹን አደረሰልኝ። ጎኑ ሆኜ ገፋሁለት፤ ያ ደግሞ አሳፈረው። «ሰው ያየናል፣ ጋሼ፣ ይተዉት» አለኝ። ሰኞ ምን ትሠራለህ ብዬ ጠየቅሁት። ፈረቃው ከሰዓት ነው፣ ጠዋት ቀፊራ ነው፣ ስድስተኛ ክፍል ነው። ጋሪው የሱ እንዳልሆነና በቀን እንደሚከራየው ነገረኝ። ለማን እንደሚከፍል ግን አልነገረኝም። የቤቴ በር ላይ ስንደርስ ብሩን ሰጠሁት። ቆጠረው። ሌላ ጥያቄ ልጠይቀው ስል ጋሪውን አዙሮ ነበር። «ጋሼ፣ ገበያው ሊበተን ነው» አለኝ።